አምስት ሜትር ገመድ ያለው ሪሞት

ሠርግ በቪዲዮ አነሳለሁ። መተማ ዮሐንስ ውስጥ ይህን ስናገር ፊታቸውን አዙረው የሚስቁ ሰዎች አሉ፤ ይሳቁ። ካሜራ አለኝ፣ ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ አለኝ፣ ኪሱ የበዛ ሰደርያም አለኝ፤ ኪሶቹ ውስጥ ምንም ባይኖርም። የሌለኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የማይንቀጠቀጥ ጣት።

ለማያውቅ ላስረዳ። ካሜራው አናት ላይ አንዲት ትንሽ ቁልፍ አለች። ወደ አንድ በኩል ሲጫኗት ሩቁን ታቀርባለች፣ ወደ ሌላው በኩል ሲጫኗት የቀረበውን ታርቃለች። ዙም የሚሏት እሷ ናት። የሠለጠነ ሰው ሲነካት ምስሉ እየተንሸራተተ በጸጥታ ይሄዳል። እኔ ስነካት ግን ካሜራው ከነእግሩ ይርገፈገፋል። ምስሉ ከሽማግሌዎቹ መደዳ ተነስቶ፣ መንገድ ላይ ማንንም ሳይሰናበት፣ አንዷ ሴትዮ አፍ ውስጥ ይገባል። ዐምና ኮኪት ላይ ባነሳሁት ሠርግ የሙሽራውን እናት መንጋጋ ጥርስ ከነቀዳዳው አሳይቻለሁ። ቤተሰቡ ያንን ፊልም እንግዳ ባለበት አይከፍተውም ይባላል። «ሙቀቱ ነው፣ ጣቴን አላበው» ብዬ ላሳብብ ሞክሬ ነበር። ግን እዚህ አገር የማያልበው ማን አለ? በዚሁ ሙቀት ሰው በመርፌ ቀዳዳ ክር ያሾልካል፣ ሚዛን ያስተካክላል፣ የትራክተር ሞተር ፈትቶ ይገጥማል።

ደግሞ ፎከስ የሚባል አለ። ምስሉን የሚያጠራው ወይም የሚያደበዝዘው እሱ ነው። ስለ እኔና ስለ ፎከስ ባናወራ ይሻላል።

ዘንድሮ ጥር ላይ የትርንጎ ሠርግ መጣ። ትርንጎ ገለጉ ተወልዳ ያደገች፣ እዚህ መተማ ዮሐንስ መጥታ ልብስ ስፌት የከፈተች ልጅ ናት። የምታገባው ሁለት ትራክተር ያላቸው የሰሊጥ አራሽ ልጅ ነው። ሁሉ ነገር ያማረ ነበር፤ የጎደለው አንድ ነገር ነው። እናቷ እትዬ የሻረግ በአዝመራው ሰሞን ከሰሊጥ ጭነት ላይ ወድቀው እግራቸው ተሰብሮ፣ ጀሶ ታስሮላቸው እዚያው ገለጉ አልጋ ላይ ናቸው። የገለጉን መንገድ የሄደበት ያውቀዋል፤ ጤነኛ ሰው ተሳፍሮበት በሽተኛ ሆኖ የሚወርድበት ነው። የተሰበረ እግር ይዞ የሚሞከር አይደለም።

ከሠርጉ ሁለት ሳምንት ቀደም ብለው ስልክ ደወሉልኝ።

«ልጄ» አሉ፣ «ቬሎ አይቸ አውቃለሁ። ዳሱም ቢሆን ዳስ ነው፣ ምኑ ይታያል። አንተ ፊቷን አቅርበህ አምጣልኝ። ፊቷን ካየሁት የሆነችውን አውቀዋለሁ። ሌላ ምንም አልሻ።»

«እሽ እትዬ፣ ምን ችግር አለው» አልኳቸው። ስልኩን ዘግቼ ጣቴን አየሁት። አፈርኩበት።

የሙያው ሰዎች እንደነገሩኝ ለእንደኔ ዓይነቱ በሽተኛ መድኃኒቱ ሪሞት ነው። ካሜራውን ሳይነኩ፣ ከሩቅ ሆነው ዙሙንና ፎከሱን የሚያዙበት ዕቃ። ስለዚህ በማግስቱ ሐጂ ሙሳ ሱቅ ሄድኩ። ሐጂ ሙሳ ሱቅ የማይገኝ ነገር የለም። የት እንዳለ ግን ሐጂ ሙሳም አያውቁትም። ሸራው፣ የሰሊጥ ወንፊቱ፣ የሶላር መብራቱ፣ የስልኩ ቻርጀር፣ የሕፃን ጫማው፣ ሁሉም አንድ ላይ ተቃቅፎ ተኝቷል።

«ሐጂ፣ የቪዲዮ ካሜራ ሪሞት እፈልጋለሁ።»

«ካሜራህ ምን ዓይነት ነው?»

«ጥቁር።»

ሐጂ ሙሳ መነጽራቸውን አወለቁ። «ያ ዘውል» አሉ፣ ሱዳኖቹ ወዳጃቸውን እንደሚጠሩት፣ «የትራክተር ጎማ ሊገዛ የመጣ ሰው ‹ትራክተሬ ቀይ ነው› ቢለኝ ምን የምለው ይመስልሃል? ሂድና ካሜራውን ራሱን አምጣው።»

እውነታቸውን ነው። በዚህ አገር መለዋወጫ የሚገዛ ሰው አሮጌውን ብረት ታቅፎ ነው ገበያ የሚወጣው። ተመልሼ ካሜራዬን ታቅፌ መጣሁ። ሐጂም እስከዚያ ከወንፊቶቹ ሥር ሦስት ሪሞት አውጥተው፣ አቧራውን እፍ ብለው፣ ጠረጴዛው ላይ ደርድረውልኛል።

የመጀመሪያው ገመድ አልባ ነው፣ ጣት የሚያህል። አየሁትና ልቤ ከጀለው። ከሱቁ ወጣ ብለን ሞከርነው። ለካስ ፀሐይ ላይ የሚሰማው ከካሜራው ፊት ለፊት ተጠግተው ሲቆሙ ብቻ ነው። ፊት ለፊት ቆሜ ተጫንኩት። ካሜራው በሚገባ ታዘዘ፤ የቀረበው ግን የራሴ ሆድ ነው። የሙሽራዋን እናት ሆዴን አሳይቼ ምን ልላቸው ነው? ተውኩት።

ሁለተኛው አጭር ገመድ ያለው፣ የማቆሚያው እጀታ ላይ የሚታሰር፣ በአውራ ጣት የሚሠራ ነው። አሰርኩት፣ ሰካሁት፣ በፍርሃት ጫን አደረግኩት። ምስሉ ሳይርገፈገፍ ተነሳ። በቀስታ፣ በቀስታ ሄዶ ከመንገዱ ማዶ የቆመው አይሱዙ ላይ ያለ ጆንያ ስፌት ዘንድ ደረሰ። የጆንያው መርፌ ወግቶ ያለፈበት ቀዳዳ ሳይቀር ታየኝ። ሐጂ ሙሳን አቅፌ ልስማቸው ምንም አልቀረኝ።

ሦስተኛው አምስት ሜትር ገመድ ያለው፣ ቁልፉ የበዛ፣ ከጎኑ የምትዞር ጎማ ያለችው ትልቅ ሪሞት ነው። እሱ እንደ እኔ ላለ ብቻውን ለሚሠራ ሰው ሳይሆን፣ ካሜራቸውን ከፍታ ላይ ሰቅለው ከታች ሆነው ለሚያዙ ነው። አላየሁትም እንኳ።

«ሁለተኛውን» አልኩ።

«ተማም፣ ጥሩ» አሉ ሐጂ። መጠቅለል ጀመሩ።

ይህች ወግ እዚህ ላይ ማለቅ ነበረባት። የኔ ዕድል ሆኖ ግን በዚያች ደቂቃ አቶ ደርበው በሱቁ በር ገቡ።

አቶ ደርበው የትርንጎ ሠርግ ኮሚቴ ሰብሳቢ ናቸው። ከዚያ በፊት የመንገድ ኮሚቴ ሰብሳቢ ነበሩ፣ ከዚያ በፊት የውኃ ኮሚቴ። መንገዱም ውኃውም አልመጣም፤ ቃለ ጉባኤው ግን በሚያምር የእጅ ጽሕፈት ተጽፎ አለ።

«ምን እየተገዛ ነው?» አሉ።

ነገርኳቸው። አፌን ብይዝ ምን ነበረበት! «ለትርንጎ ሠርግ ነው» ብዬ ጨመርኩበት።

«ለሠርጉ ከሆነማ» አሉ መነጽራቸውን አስተካክለው፣ «በኮሚቴ ማለፍ አለበት። ሐጂ፣ ሦስቱንም ለናሙና እንወስዳቸዋለን።»

ሐጂ ሙሳ በሐዘን አዩኝ። ሰው ሞተ ሲባል የሚሉትን በዓረብኛ በለሆሳስ አሉ።

ኮሚቴው ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ በሙሽራው አባት ግቢ፣ ኒም ዛፍ ሥር ተሰበሰበ። አሥራ አንድ ሰው ነው። አጀንዳው ሦስት ነበር፤ የበሬ፣ የመጠጥ፣ የሪሞት። በሬውና መጠጡ ሩብ ሰዓት አልወሰዱም። ሪሞቱ እስከ ማታ አደረሰን። እኔ እንደ ባለሙያ ተጠርቼ ሁለት ደቂቃ ተሰጠኝ። «ሁለተኛው ይሻላል፤ አጭር ነው፣ እጀታው ላይ ይታሰራል፣ አይርገፈገፍም» አልኩ። አቶ ደርበው «ባለሙያውን አመስግነን ወደ ዋናው ውይይት እንለፍ» አሉና አለፉ። ከዚያ በኋላ እኔን ያየ የለም።

አንዱ የኮሚቴው አባል ሰሊጥ ነጋዴ ነው። ሪሞቶቹን ተራ በተራ መዳፉ ላይ አስቀምጦ፣ ገለባ እንደሚያበጥር ሰው እፍ እያለ ክብደታቸውን ገመተ። ሁለተኛውን «ቀሎብኛል» አለ። ሌላው ትራክተር ነጂ ነው፤ «ይኸ ጎማ ያለው መሪው ያምራል» አለ። አቶ ደርበው መስፈርት አወጡ፤ ጥንካሬ፣ ውበት፣ ተደራሽነት። ተደራሽነት ምን እንደሆነ የጠየቀ የለም፤ እሳቸው ግን ሳይጠየቁ አብራሩት። «ገመዱ ነው። አጭሩ ካሜራው ዘንድ ይቀራል። ረጅሙ ሕዝቡ ዘንድ ይደርሳል።»

ተጨበጨበ። አምስት ሜትሩ በሙሉ ድምፅ ተመረጠ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚለውን ተረት ልተርት አፌን ከፍቼ ነበር፤ ቃለ ጉባኤ ላይ ይሰፍርብኛል ብዬ ዘጋሁት።

«አንድ ነገር ቀርቷል» አሉ አቶ ደርበው ብድግ ብለው። «ይህን ሪሞት የሚይዘው ማነው?»

እኔ እጄን አወጣሁ። ማንም አላየኝም።

«ከባድ ኃላፊነት ነው» አሉ ራሳቸውን እየነቀነቁ። «ማንም ላይ ልጥለው አልፈልግም። እኔው እሸከመዋለሁ።»

ሰው ሥልጣንን እንዲህ እያዘነ ሲቀበል ባየሁ ቁጥር ሆዴ ይባባል። ሳይጠየቅ መጥቶ፣ ሳይለመን እሺ ብሎ፣ ጭራሽ አስለቃሽ ይሆናል።

የሠርጉ ቀን ዳሱ ሞላ። ሸራው ከላይ፣ ሙቀቱ ከሁሉ በላይ። እኔ ካሜራዬን ከመሀል መተላለፊያው ዳር ተከልኩ። ከካሜራው የወጣው ገመድ መተላለፊያውን አቋርጦ፣ በአሳላፊዎቹ እግር ሥር ተሽሎክልኮ፣ ከፊተኛው መደዳ ተደራሽ ሆነ። እዚያ አቶ ደርበው ባለ ክንዱ ወንበር ላይ ሪሞታቸውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ተቀምጠዋል። ከአጠገባቸው የዕለቱ የክብር እንግዳ አሉ፤ ንግግር በማድረግ የታወቁ ሰው። ምን ሠርተው እንደታወቁ ጠይቄ የሚያውቅ አላገኘሁም።

ወዲያው ችግሩ ገባኝ። አቶ ደርበው ከተቀመጡበት ምስሉ የሚታይበት የካሜራው መስታወት አይታያቸውም። የሚያቀርቡትን አያዩትም። ያዝዛሉ እንጂ አያዩም። ከዚያ ደግሞ ያቺን የምትዞር ጎማ የድምፅ መጨመሪያ አድርገዋታል። ሽማግሌ ሲመርቅ ድምፁ ዝቅ ካለባቸው ጎማዋን ወደ ላይ ይጠመዝዟታል፤ እኔ ዘንድ ሽማግሌው እንደ ጉም ይበተናል። ጎማዋ ፎከሱ ነበረቻ!

ሄጄ በጆሯቸው «ጋሼ ደርበው፣ እሷን አይንኳት፣ ምስሉ ይደበዝዛል» አልኳቸው።

«ድምፁ አሁን ጥሩ ነው አይደል?» አሉኝ።

«ጥሩ ነው።»

«በቃ፣ ሥራህን ሥራ።»

ላቤ ዐይኔ ውስጥ ገባ። የእትዬ የሻረግ ድምፅ ጆሮዬ ላይ ነው፤ ፊቷን አቅርበህ አምጣልኝ። ሙሽሮቹ ከዳሱ ወዲያኛው ጫፍ ተቀምጠዋል፤ ከዚህ ካላቀረብኩት ፊት ሳይሆን ነጭ ነገር ነው የሚታየው። ማቅረቢያው ደግሞ አቶ ደርበው ጭን ላይ ነው። እሳቸው የሚያቀርቡት ባለ ክራቫቱን ሁሉ ነው። ገመዱን ነቅዬ በጣቴ ልሥራ እንዳልል፣ ጣቴን አውቀዋለሁ፤ ሴትዮዋ ገለጉ ሆነው የልጃቸውን መንጋጋ ያያሉ።

ሰው ሲጨንቀው አንዳንድ ጊዜ ብልህ ይሆናል። እኔ ላይ ያ ነገር በሕይወቴ አንድ ጊዜ ብቻ ደርሷል፤ የዚያን ቀን። በመጀመሪያ የካሜራውን ፎከስ በራሱ እንዲሠራ አደረግኩት። ከዚያ ወዲያ አቶ ደርበው ጎማዋን ቢያዞሯት ባያዞሯት ለውጥ የለም። ቀኑን ሙሉ አዞሯት። ፊታቸው ላይ የነበረውን እርካታ ብታዩ! ምንም የማይነዳ መሪ ጨብጦ እንደዚያ ደስ የሚለው ሰው አይቼ አላውቅም፤ ልዋሽ ነው እንጂ ብዙ አይቻለሁ።

ሁለተኛውን ነገር ያሰብኩት የክብር እንግዳው ለንግግር ሲነሱ ነው። አቶ ደርበው ዐይናቸውን ከእንግዳው ሳይነቅሉ አውራ ጣታቸውን ማቅረቢያው ላይ አሳረፉ። ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። ማቅረብ የሳቸው ነው። ወዴት እንደሚቀርብ ግን፣ አንገቱ እኔ ዘንድ ነው! የካሜራውን እጀታ ያዝኩና ከእንግዳው ላይ ቀስ ብዬ አዞርኩት፤ ትርንጎ ላይ።

እውነቱን መናገር አለብኝ፣ የአቶ ደርበው አውራ ጣት ጣት ነው። አይቸኩል፣ አይንቀጠቀጥ። እንግዳው «ክቡራንና ክቡራት» ሲሉ ትርንጎ ከነዳሱ ነበረች። «ልማታችን» ሲሉ እስከ ወገቧ ቀረበች። «በዚህ አጋጣሚ» ሲሉ ፊቷ ብቻ ቀረ፤ ከሽፋሽፍቷ እስከ አገጯ። እዚያ ላይ ቆመ። ቀናሁባቸው። ዕድሜዬን ሙሉ ስፈልገው የኖርኩት ጣት ኮሚቴ ሲመራበት ነው የኖረው።

ንግግሩ ሃያ ስድስት ደቂቃ ፈጀ። ሃያ ስድስት ደቂቃ ሙሉ የትርንጎን ፊት ያዝኩ። ልጅቱ ዐይኗን ሰብራ፣ ወደ ታች ወደ ገበታው አቀርቅራ፣ ቀና ሳትል ቆየች። እንዲህ ያለ ጨዋነት! አንድ ሁለቴ ከንፈሯን ነከስ አድርጋ ምራቋን ዋጠች። እንባዋን ነው የምትውጠው፣ እናቷ ትዝ ብላት ነው አልኩ፤ እኔም እንባዬ መጣ። በሥራዬ እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም።

ፊልሙን መጀመሪያ ያዩት በኮሚቴው ስም አቶ ደርበው ናቸው። የክብር እንግዳው ድምፅ ይሰማል፣ የሚታየው ግን የትርንጎ ፊት ነው፤ ሃያ ስድስት ደቂቃ። አቶ ደርበው እስከ መጨረሻው አዩት። ጉሮሯቸውን ጠራረጉ።

«ንግግሩ በሙሽሪት ላይ ያሳደረውን ስሜት በሚገባ አቅርቤዋለሁ» አሉ። «ድምፁም ጥርት ብሏል።»

አመሰገንኳቸው። ስለ አመራራቸው የምስክር ወረቀት እንዲሰጣቸው ኮሚቴው ወስኗል፤ ቃለ ጉባኤውንም እሳቸው ናቸው የጻፉት።

በሳምንቱ ፊልሙን ላፕቶፔ ላይ ጭኜ ገለጉ ወረድኩ። የጭነት መኪና ነው ያደረሰኝ፤ ስለ መንገዱ ከላይ ተናግሬያለሁ። እትዬ የሻረግ አልጋቸው ላይ ተደግፈው፣ ጀሶ የታሰረው እግራቸው ትራስ ላይ ተሰቅሎ ጠበቁኝ። ለበዓል የሚለብሱትን ነጠላ ለብሰዋል። ልጃቸውን ሊያዩ ነዋ።

ላፕቶፑን ጉልበታቸው አጠገብ አስቀመጥኩ። ዳሱን አሳየሁ፤ «እለፈው» አሉ። ቬሎውን አሳየሁ፤ «እለፈው» አሉ። ከንግግሩ በፊት ያለው ቦታ ላይ ስንደርስ ሙሽራው ጉርሻ ጠቅልሎ ወደ ትርንጎ አፍ ሲያነሳ ታየ። ወዲያው የአቶ ደርበው ድምፅ ከፊተኛው መደዳ ጮኸ፤ «ቆይ! ገና አላቀረብኩም!» የሙሽራው እጅ አየር ላይ ቆመ። ያኔ የክብር እንግዳው ተጠሩ፣ ሰው ሁሉ ተነሳ፣ ጉርሻውም ወደ ገበታው ተመለሰ። እኔ ይህን ሁሉ በዚያን ቀን በካሜራው ዐይን ሳየው ነበር፤ ግን ፍሬሙን፣ የምስሉን ድንበር፣ እንጂ ጉርሻውን አላየሁትም።

ከዚያ ፊቷ መቅረብ ጀመረ።

«እዩት እንግዲህ እትዬ» አልኩ፣ ልቤ በኩራት እያበጠ። «ሃያ ስድስት ደቂቃ ሙሉ ፊቷ ነው። ዐይኗን ሰብራ፤ እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ አሳደጉ!»

እትዬ የሻረግ አንገታቸውን ወደ ላፕቶፑ አስግገው አዩ። ትርንጎ ምራቋን ዋጠች። እናቷም አብረው ዋጡ።

«ጨዋነት አይዶለም ልጄ» አሉ ዐይናቸውን ሳይነቅሉ። «ወጡን ነው የምታየው። ርቧታል።»

«ኧረ እትዬ፣ በራሷ ሠርግ…»

«እኔ ነኝ የወለድኳት! ስትራብ እንዲህ ነች፤ ከንፈሯን ትነክሳለች እንጂ አምጡ አትልም። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ይኸ ነው።» ወደ እኔ ዞሩ። ቁጣ አልነበረባቸውም፤ ቢቆጡኝ በተሻለኝ። «እንዲህ አፍንጫዋ ድረስ አቅርበህ እያየሃት፣ አንድ ሰው ጠርተህ ‹አጉርሷት› ማለት አቃተህ?»

እንግዳው አሁንም ላፕቶፑ ውስጥ ያወራሉ።

እትዬ የሻረግ ስልካቸውን ከትራሳቸው ሥር አውጥተው ደወሉ። ጥሪው ሲያዝ ድምፁ በቤቱ ሁሉ ይሰማ ነበር።

«ትርንጎ፣ የሠርግሽ ዕለት እህል ቀምሰሽ ነበር?»

ወዲያ ማዶ ሳቅ ተሰማ፤ ከዚያ ሳቁ ቆመ።

«እማ» አለች ትርንጎ፣ «ማን ነገረሽ?»

እናቷ ስልኩን ጆሯቸው ላይ እንዳደረጉ እኔን አዩኝ።

«ማንም» አሉ።